የሳተችው ሰባተኛ ድምፅ

ነገሩ የደረሰብኝ አምና ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። የማልረሳውም፣ እውነት ተናግሬ ያልታመንኩበት የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው። ውሸቴን ስናገር ግን ሁሌም እታመን ነበር።

ደብረ ታቦር ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። በትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ከአሮጌ ራዲዮዎች የገጣጠምኩት፣ ከኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ሲንተሳይዘር አለኝ፤ ሽቦው ቢዘረጋ እብናት ደርሶ ይመለሳል። ሳምፕል ኤንድ ሆልድ የሚባለው ክፍሉ ከሚዋዥቀው ኤሌክትሪክ በየምቱ ያገኘውን ቀለብ አድርጎ ይይዛል፤ ያ አንድ ድምፅ ይሆናል። ሺፍት ሬጅስተር የሚባለው ደግሞ የተያዙትን ስምንት ድምፆች በተራ ያቀባብላል፤ ከቆለፉበት እነዚያኑ ሲደጋግም ይኖራል።

ጥበቃችን አባ ፈንታ በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ወንበራቸው ላይ ሆነው አንዲት ዜማ ሲያንጎራጉሩ ይውላሉ። ከዚያ ቅዳሜ አንድ ወር ቀደም ብሎ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተደብቄ፣ «ተዘግቶብኛል፣ ነፍሴን አድኑ» እያልኩ በድምፅ ማጉያ አቃሰትኩባቸው። ሮጠው መጥተው ሲከፍቱ እየሳቅሁ ተቀበልኳቸው። ግቢው ሁሉ ሳምንት ሙሉ ሳቀባቸው።

የዚያን ቅዳሜ ዕቃ ቤቱ ስገባ ነፋስ በሩን ከኋላዬ ጓ አድርጎ ዘጋው። በውስጥ በኩል እጀታ የለውም፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው፤ ስልኬን ቢሮ ትቻለሁ። በዘጠኝ ሰዓት ሐሙሲት መድረስ አለብኝ። ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ከተላክነው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ሰው ቢጎድል ንቀት ይሆናል፤ የልጅቱ አባት ደግሞ እምቢ ለማለት ሰበብ የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

በሩን ደበደብኩ፣ ጮኽኩ። አባ ፈንታ ቀስ ብለው መጥተው ከውጭ ቆሙ።

«ጩህ ልጄ፣ ጩህ። ዛሬስ አታገኘኝም» ብለው ተመለሱ።

ማልኩ፣ ተገዘትኩ፣ ታቦት ጠራሁ። ለካ ያን ጊዜ ስቀልድባቸውም ታቦት ጠርቼ ነበር። ግድግዳው እየጠበበ መጥቶ ትከሻዬን የነካኝ መሰለኝ። ስድስት ሰዓት አለፈ፤ ሰባት ሆነ።

መላ ሲጠፋኝ ሲንተሳይዘሩን ከፍቼ ማጉያውን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ያገኘውን ሲያፍስ ቆይቶ፣ ድንገት የአባ ፈንታን ዜማ የምትመስል ነገር ጣለ፤ ሰባተኛዋ ድምፅ ብቻ ሳተች። ቶሎ ቆለፍኩት። ስምንቱ ድምፆች ከነስሕተታቸው ይመላለሱ ጀመር፤ አምስት ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ በእኔ ቆጠራ ሺህ ጊዜ።

በሩ ተከፈተ።

«ሰባተኛይቱን ትስታታለህ» አሉ አባ ፈንታ በቁጣ። «ዜማ ሲበላሽ ቁጭ ብዬ ልስማ?»

ከዚያ ፊቴን አዩት፤ በላብ ይሁን በእንባ ርሷል። የበሩን ውስጥ ዳሰሱ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እውነትህን ኖሯል» አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ስላለፈው ወር ይቅርታ ጠይቄ፣ ወደ መናኸሪያ በረርኩ።

ሐሙሲት ስደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከደጅ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፤ ፀሐይ አብስሏቸዋል። ልጅቱ ተሰጠችን።

በሩን እጀታ አስገጥሜለታለሁ። ሰባተኛዋን ድምፅ ግን አላረምኳትም፤ መብራት ሲሄድ እንዳትጠፋብኝም ባትሪ አስሬባታለሁ። አባ ፈንታ በየጠዋቱ አርማት ይሉኛል። ትቆይ አባቴ እላቸዋለሁ፤ እኔን የሚያምን ሰው እስኪገኝ ድረስ መውጫዬ እሷ ናት።