ግንባር ላይ የለጠፍኳት አሥር ፍራንክ

«ሙዚቀኛ ሳትሸልሚ እንዳትቀመጪ፣ አንቺ አይናፋር!» ትለኝ ነበር ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ሰርግ ቤት ከኋላዬ እየገፋችኝ።

ጄኔቫ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አንድ እሑድ ከከተማው ዳር ላንሲ ውስጥ የሳልሳ ባንድ ሲጫወት ገባሁ። አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሙዚቃው ግን ናፍቆቴን አስረሳኝ። የአክስቴ ነገር ትዝ ሲለኝ ተነሥቼ የአሥር ፍራንክ ኖት ላብ ባጠመቀው የዘፋኙ ግንባር ላይ ለጠፍኩ። ሰውየው ዘፈኑን አቆመ። ሁሉም አፈጠጠብኝ። ሮጬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ባሰብኩት ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ዘንድሮ ዙሪክ፣ ከልጄ ጋር በምንኖርበት በአፎልተርን ሰፈር በዓል ላይ ያው ባንድ መጣ! ዘፋኙን እንዳየሁት አንገቴን ደፋሁ። እሱ የባንዱን ታሪክ በጀርመንኛ ማውራት ጀመረ፤ ያመለጠኝን ልጄ ነገረችኝ።

«ማሚ፣ ድሮ ጄኔቫ ባንዱ ሊፈርስ ነበር አለ። ሰው አይመጣም። የመጨረሻ ቀን አንድ ሴት ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈች። ከዛ ‹የሚወደን ሰው አለ› ብለው ቀጠሉ። ማሚ፣ ሴትየዋ እብድ ናት እንዴ?»

«አይደለችም፤ አክስት ያሳደገቻት ናት» አልኳት።

ከቦርሳዬ አሥር ፍራንክ አወጣሁ፤ በምራቄ አርጥቤ ወደ መድረኩ ሄድኩ።