ሚሊሜትርና ቁርጥራጮቹ

አናጢውን ሰፈርተኛው ሁሉ የሚያውቀው «ሚሊሜትር» በሚል ቅጽል ነው። አርባ ዓመት በርና መስኮት ሲገጥም ኖሯል። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው በሽተኛው ላይ ሳይሆን በተንጋደደው መስኮት ላይ ነው። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትዳሩን የቻለችው ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ስለሚል ነው ይባላል።

እንዲህ ያለውን ሰው የሁለት ዓመት የልጅ ልጁ ባትፈራው ነበር የሚገርመው። ገና ስታየው የእናቷን ቀሚስ ጭምድድ ታደርጋለች። እሱም አይናገረው እንጂ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ስለዚህ መጫወቻ ሊሠራላት ቆረጠ።

የትንሿ እናት፣ ሴት ልጁ፣ ሕፃናት በራሳቸው እጅ እየሞከሩ በሚማሩበት በሞንቴሶሪ ዘዴ የሚሠራ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ አስተማሪ ናት።

«አባዬ፣ ተራ እንጨት ይበቃታል» አለችው። «ባትሪ የለ፣ ቀለም የለ። ጠርዙን ብቻ አለስልስላት፤ ምን እንደሚሆን እሷ ትወስን።»

«ተራ እንጨትማ ማገዶ ነው!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ወርክሾፑን ዘግቶ አንድ ቤት ሠራ። በሩ ማጠፊያ አለው፣ መሳቢያው ይሳባል፤ ሃያ አራቱ ክፍልፋዮች ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚገቡት በገዛ ቦታቸው ብቻ ነው።

ትንሿ ከእናቷ ጋር ወርክሾፑ መጥታ ጣሪያውን በበሩ በኩል ልትከት ሞከረች።

«እንደሱ አይደለም!» አለ አያት።

ገለበጠችው።

«እንደሱ አይደለም!»

በሦስተኛው ልቅሶዋን ለቀቀችው።

«በቃ፣ አንተው ተጫወትበት!» አለች እናቷ ተናዳ።

አባትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ልቅሶው ድንገት ጸጥ አለ። ዘወር ሲሉ ትንሿ ጥግ ላይ የነበረውን የቁርጥራጭ እንጨት ጆንያ ዘርግፋዋለች። አንዷን ቁራጭ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሄሎ!» ትላለች። ሌላዋን አስተኝታ ብርጭቆ ወረቀት አልብሳታለች።

ሚሊሜትር አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና፣ ስንጥር እንዳይወጋት፣ የቁርጥራጮቹን ጠርዝ አንድ በአንድ ያለሰልስ ጀመር። እሷ የጨረሰውን እየተቀበለች ትደረድራለች፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተንጋዷል። እጁ በላው። እንዳያስተካክልላት መዳፎቹን ከቂጡ ሥር ከተታቸው።

ትንሿ ግን አንዷን አንስታ ዘረጋችለት። ተቀብሎ ቀጥ አድርጎ አስቀመጠ።

ቅንድቧን ሰብስባ አየችውና ገፋ አድርጋ አንጋደደችው፤ እንደ አያቷም ጮኸች፦

«እንደሱ አይደለም!»

እናቷ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች። ሚሊሜትር ሌላ እንጨት አነሳና፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆን ብሎ አጣሞ አስቀመጠ። ትንሿ ዞራ አየችው፣ ጎንበስ ብላም አየችው። ተስማማት መሰለኝ፣ መጥታ ጭኑ ላይ ዘፍ አለች።

እግሩ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰም።