ደመናው የታጠፈበት ቀን

አባቴ ከጎረቤታችን ጋር ሰላምታ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጎረቤታችን የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ጸሎት ደግመው በረዶ ይመልሳሉ ስለሚባል፣ አዝመራ ሲደርስ አገሩ ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። አባቴም ይጠና ነበር። አሁን ግን ደመና በታየ ቁጥር ዓይኑ የሚሄደው ወደ እሳቸው አጥር ነው። ውጭ ከሆኑ ለምን ቆሙ፣ ከገቡ ደግሞ ምን ሊሠሩ ገቡ ይላል።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ ዝናብና ነፋስ እየለካሁ እመዘግባለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሰላምታው በተቋረጠበት ዓመት፣ በኅዳር፣ ለአጨዳ ፈቃድ ወስጄ አንኮበር፣ ቤት መጣሁ። የዓመት ቀለባችን ገብስ ታጭዶ ማሳው ላይ እንደተኛ፣ ከሰዓት በፊት በስተምዕራብ ደመና ተቆለለ። አባቴ «ቶሎ እንከምረው» አለ። ቀና ብዬ አየሁ። ላይኛው ደመና በየኔታ ማሳ በኩል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ይጎተታል።

«አይዞህ አባባ፣ እኛን አይነካንም። ወደ የኔታ ነው የሚሄደው» አልኩት። ባለሙያ ነኛ! ምሳችንን ልንበላ ተቀመጥን።

ልብ ያላልኩት ነገር ፊቴን እየመታኝ ነበር፤ ከቆላው ሽቅብ የሚነፍስ ሞቃት ነፋስ። ታችኛው ነፋስ ወደ አንድ በኩል፣ ላይኛው ወደ ሌላ ሲሄድ፣ መሐላቸው ያለው አየር በሁለት መዳፍ መካከል እንደሚያሹት ዱላ ይሽከረከራል። ሽቅብ የሚወጣው ሙቅ አየር ደግሞ ያን ሽክርክሪት አንሥቶ ያቆመዋል። እንዲህ መዞር የጀመረ ደመና ላይኛው ነፋስ የሚገፋበትን መንገድ ትቶ ይታጠፋል፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባለን በእኛ በኩል ብዙውን ጊዜ ከጉዞው ወደ ቀኝ። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁም። ቁራሼን እንደያዝኩ ቀና ስል የደመናው ሆድ ቀስ እያለ ይዞራል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጠፈ። በስተደቡብ ያለነው እኛ ነን።

በረዶው ሲያባራ ገብሳችን ጭቃ ውስጥ ተወቅቶ ቀረ። የኔታ ማሳ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። አባቴ ብዙ ቆሞ የተመለከተው የእሳቸውን ማሳ ነው።

«አንቺ ወደ እሳቸው ይሄዳል ብለሽኝ የለ? ታዲያ ማን አዞረው?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ከጭቃው ገብስ መልቀም ጀመርኩ። «መመለስ የሚችል ሰው መላክ አያቅተውም» አለ።

እውነቱን ብናገር ገብሱን ያስፈጀሁት እኔ ልሆን ነው። ፈራሁ፣ አፈርኩም። የተማረች ልጁ ሌላ ምክንያት ስታጣ ጥርጣሬው እምነት ሆነ። ወሬው እስከ ጽዋ ማኅበሩ ድረስ ሄደ፤ የኔታ ተራቸው ሲደርስ ድግሳቸውን የሚቀምስ ሰው ጠፋ።

ባለፈው ኅዳር ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የኔታ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ከስተዋል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንቺ የሰማዩን ነገር ተምረሻል። እኔ ያን ቀን ታምሜ ተኝቼ ነበር፤ አንድም ቃል አልደገምኩም። ግን የሰው ወሬ እንዲህ ሲበዛብኝ፣ ሳላውቀው አድርጌው ይሆን ወይ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ደመናው ለምን ዞረ?»

አባቴ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ያየናል።

«እግዜር ያውቃል የኔታ» አልኳቸው። ጉልበታቸውን ስሜ አለፍኩ።