ሁለት ጊዜ የተሞላው ቀለህ

በስደት በመጣሁበት አገር፣ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የምንከባከባቸው አዛውንት ጡረታ የወጡ ብረት ቀራጭ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው ሥራ የድሮ ሽጉጦችን ጥይት መሙላት ነው። የእነዚያ ሽጉጦች ጥይት ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ አጽድተው፣ እሳት የሚጭረውን መለኮሻ ቀይረው፣ ባሩድ ጨምረው አዲስ የእርሳስ አረር ይገጥሙበታል። ፈቃድ አላቸው።

እኔ ሥራ ስጀምር ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ሳህኑን አጥቤ፣ አንሶላውን ቀይሬ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ደርሶ ገና አረፍ ስል ይጠሩኛል።

"ነይ እስቲ፣ አንብቢልኝ።"

ቀለሁን ገልብጬ ቂጡ ላይ የተቀረጸውን ፊደል በአጉሊ መነጽር አነብላቸዋለሁ።

"ከንፈር አለው? ጠርዙ ወጣ ብሏል?"

"አለው።"

"አሎራ፣ እንግዲያው የሬቮልቨር ሽጉጥ ነው። ርዝመቱን ለኪው። የሚመሳሰል ሁሉ አንድ አይደለም።"

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እረፍቴ ነው፤ ኤስኲሊኖ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ከአገሬ ልጆች ጋር አመሻለሁ። አንድ ሐሙስ ግን ጉልበቴ እምቢ አለኝና ቤት ቀረሁ። እሳቸው ቀለሆቹን በእንጨት መደርደሪያ ላይ ደርድረው ባሩድ ይሞላሉ። መሃል ላይ ልጃቸው ደወለችና ስልኩን አቀበልኳቸው። አውርተው ሲጨርሱ የባሩድ መስፈሪያዋን ማንኪያ አንስተው ከመጀመሪያው ቀለህ እንደገና ጀመሩ።

"ሲኞሬ፣ እሱን ሞልተውታል።"

"አልሞላሁም!"

"ሞልተዋል። አይቻለሁ።"

"እኔ ስልሳ ዓመት ይህን ስሠራ አንቺ የት ነበርሽ?" ብለው ጮኹብኝ። ቢሆንም ባሩዱን ሚዛን ላይ ገለበጡት። እጥፍ ነበር። ቀለሁ ሰፊ ስለሆነ ሞልቶ አልፈሰሰም እንጂ፣ ቢተኮስ ሽጉጡ እጃቸው ላይ ይፈነዳ ነበር። ቀና ሲሉ ወደ በሩ ማፈግፈጌን አዩ።

"አንቺ ደግሞ ምን ያሸሽሻል?"

"ወንድሜን የገደለው ጥይት ነው" አልኳቸው። ለምን ያን ቀን እንዳወጣሁት አላውቅም። ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ስታነቢልኝ?"

"ሥራ ነው ብዬ ነዋ።"

ሚዛኑን ሸፈኑት። ከዚያ ራሳቸው ለልጃቸው ደወሉ። "ፖሊስ ጣቢያ ንገሪልኝ፤ መጥተው ሁሉንም ይውሰዱት" አሏት። ልጅቷ ለዓመታት ስትለምናቸው የነበረውን ነገር ነው ያሏት፤ ስልኩን ለእኔ እንዲያቀብሉኝ አድርጋ እያለቀሰች አመሰገነችኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ የአንድን ሰው እጅ የቆረጥኩ መሰለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ፖሊሶች መጥተው ሽጉጦቹንም፣ ጥይቱንም፣ ባሩዱንም እየቆጠሩ ጽፈው ወሰዱ። አዛውንቱ የተጠየቁበት ቦታ ሁሉ ፈረሙ። ሰዎቹ ሲወጡ፣ "ቫ ቤኔ፣ ይሁን" አሉ ለራሳቸው፤ ለፖሊሶቹ ብለው የለበሱትን ጃኬት እንኳ ሳያወልቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጠረጴዛውን በሳሙና ሁለት ጊዜ ፈተግኩት፤ የሽጉጥ ዘይቱ ሽታ አለቀቀም። አሁን ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ከፍተን ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ብዙ ጊዜ ቀድሜ የምተኛው እኔ ነኝ። ስነቃ ጉልበቴ ላይ የእሳቸውን ብርድ ልብስ አገኘዋለሁ።