የካሳው ላፕቶፕ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው... ደሴ ፒያሳ ካለችው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ አንዲት ሴት ላፕቶፕ በሻርፕ ጠቅልላ ገባች። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መምጣቷ ነው። እዚያ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነች፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ትማራለች። ዘሃራ እንበላት። ጻፈው ብላኝ ነው የምጽፈው፤ ስሟን ግን ቀይሬዋለሁ።

«አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ። ይሄ ነገር እስኪከፈት ነፍሴ ትወጣለች። ምን እንደያዘው እስኪ እይልኝ» አለችኝ።

አበራሁት። ጠበቅን... ጠበቅን... አሁንም ጠበቅን። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ይሄማ ለሱብሂ ሶላት ብታበሪው ለዙህር ነው የሚደርስልሽ» አልኳት። ፈገግ እንኳን አላለችም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የማየው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተከትለውት የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያንቀራፍፈው ከነሱ አንዱ ነው። የማውቃቸውን አንድ በአንድ እያጠፋሁ ላፕቶፑን መልሼ አስነሳሁት፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። ምን እንደሆነ ከስሙ የማይታወቅ፣ አይቼው የማላውቀው ፕሮግራም። እሱን ሳጠፋው ላፕቶፑ ወዲያው ብድግ አለ።

ደስ አለኝ። ሌባ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ምን እንደሚሠራ ልይ ብዬ የተቀመጠበትን ፎልደር ከፈትኩ።

ፎቶ ነው... ተቆጥሮ የማያልቅ ፎቶ። ሁሉም የራሷ የላፕቶፑ ስክሪን ነው። የትምህርት ቤት ሥራዋ፣ የቴሌግራም ወሬዋ፣ የጻፈችው፣ የሰረዘችው፣ በየደቂቃው ተነስቷል። የመጨረሻውን ስከፍተው ደግሞ ፕሮግራሙን ከማጥፋቴ በፊት እኔ ራሴ ስመለከተው የነበረው ዝርዝር ነው። ወላሂ እኔንም ሲያየኝ ነበር።

ፕሮግራሙ የምታየውን ሁሉ እያነሳ በኢንተርኔት ለሆነ ሰው ይልካል። ኔትወርክ ሲጠፋ ያልተላከው ይጠራቀማል። ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ያን ሁሉ ካልላክሁ ሲል ነው የሚያንቀው።

«ይሄን ላፕቶፕ ማን ነው የሰጠሽ?» አልኳት።

«ባለቤቴ። ከጅዳ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ባለቤቷ ሳውዲ ነው የሚሠራው። እየደወለ «ከማን ጋር ነበርሽ? የት አመሸሽ?» ሲላት መረራትና ሽማግሌ ሰበሰበች። ሽማግሌዎቹ በስልክ አነጋገሩት፤ ሁለተኛ እንዳይጠረጥራት አስማሉት፣ ካሳም ፈረዱበት። ካሳው ይሄ ላፕቶፕ ነው። አገር ቤት በሚገባ ሰው ላከው፣ ሽማግሌዎቹም መርቀው በእጃቸው አስረከቧት። አገር ምድሩ «ተካሰች» አለ።

ፎቶዎቹን አሳየኋት። ትጮሃለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መቼ ነው የተጫነው? ቀኑ ይታያል?»

አየሁላት። ላፕቶፑ እጇ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው።

«ከጅዳ ሳይነሳ ነው የተጫነው» አልኳት።

«በአላህ... ሉባባ እንዳልሆነች እርግጠኛ ነህ?»

ሉባባ ታናሽ እህቷ ናት። አንድ ቤት ነበር የሚኖሩት። ከእርቁ በኋላም ትዳሩ አልሆን ሲላት፣ ዘሃራ የፍቺ ማመልከቻ በዚሁ ላፕቶፕ ጽፋ አስቀመጠች። ከሉባባ በቀር ያነበበው ሰው የለም። በሳምንቱ ባሏ ደወለና ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች በቃሉ ነገራት። ታዲያ ማንን ትጠርጥር?

«ሸጠሽኛል አልኳት» አለች ዘሃራ፣ ስክሪኑን እንጂ እኔን ሳታይ። «ቁርአን ይዤ ልማልልሽ አለችኝ፤ አልሰማኋትም። ልብሷን በር ላይ አወጣሁላት። ሐርቡ ያለችው እናታችን ዘንድ ሄደች። አስር ቀን አልቆየችም፣ ከሰዎች ጋር ሆና በአፋር በኩል ወጣች። ጅቡቲ ደርሻለሁ፣ ባሕሩን ተሻግሬ ሳውዲ ልገባ ነው ብላ ደወለች... ለእናቴ ነው የደወለችው፣ ለእኔ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ይኸው ስድስት ወር።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት። አፌን ሞልቼ መቀለዴ ቆጨኝ። ቢያንስ ይሄን መርዝ ልንቀልላት ብዬ ፕሮግራሙን ከነጭራሹ ልሰርዘው ስል ከወንበሯ ተነሳች።

«ተው! እንዳትነካው። መልሰህ አብራው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ያን ቀን ከደወለ ወዲህ ስልኩን ዘግቶብኛል። መልእክትም አይደርሰውም። ይሄን ግን ያያል።»

መልሼ አበራሁላት። ባዶ ገጽ ከፈተች፣ ፊደሉን አሳደገችና ጻፈች።

«አንተ መሆንህን ዛሬ አወቅሁ። ማመልከቻውን እሰርዘዋለሁ፣ ያልከኝን እሆናለሁ። ሉባባ አንተ ወዳለህበት አገር ነው የወጣችው። እህቴን ፈልግልኝ።»

እጇን ከላፕቶፑ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ትንሽ ቆይቶ ፎልደሩ ውስጥ አንድ አዲስ ፎቶ ገባ። ከፈትነው፤ ጽሑፏ ነው። መላኩን አረጋገጥኩላት። ላፕቶፑን መልሳ ጠቀለለችና አመስግናኝ ወጣች።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። ማታ ማታ ያንን ገጽ ከፍታ ፊቱ ትቀመጣለች። ፎቶው ይነሳል፣ ይሄዳል... መልስ ግን የለም።

ሰላይ ዓይኑን ከሰው ስክሪን ላይ እንዳይነቅል ዱዓ ሳደርግ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።