የገበያነሽ ለቅሶ

ከሞላሌ ገበያ ወጣ ብሎ ባሉት መንደሮች ሰው ሲሞት መልእክተኛ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቄሱ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ወደ ገበያነሽ። ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሟቹን በስሙ፣ በበሬው፣ በዘመዱ እያነሳች ስታወርድ፣ በወሰን ተጣልቶት የኖረ ጎረቤት እንኳ ነጠላውን ዓይኑ ላይ ይጥል ነበር። “ገበያነሽ ካላለቀሰችልኝ አልሞትም” እያሉ የሚቀልዱ ሽማግሌዎችም ነበሩ።

ይህ ካለፈው ሁዳዴ በፊት ነው። ደም ግፊት አለብሽ ተብላ ጠዋት ጠዋት የምትውጠው ኪኒን ነበራት። ጾሙ ሲገባ “ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ በጉሮሮዬ አይወርድም” አለችና ኪኒኑን እንደታሸገ ከመደቡ ራስጌ አኖረችው። ሰዓቱን አዛውሮ፣ እህል ሲቀመስ መዋጥ እንደሚቻል ልጇ ሰርካለም የሰማችው ኋላ ነው፤ ከሆነው ሁሉ በኋላ።

ጾሙ ሲጋመስ አንድ ጠዋት ቆሎ እየቆላች ሳለ ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ አለች፤ ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የወደቀችበትን መሬት ቅዝቃዜ ብቻ ነው። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨመቀላት። ምች አልነበረም። በቃሬዛ ወርዳ፣ በመኪና ሐኪም ቤት ሄዳ፣ ስትመለስ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደተረሳ ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ከዚያ ሁሉ ቃል ደግሞ አንድ ብቻ ቀረላት፤ “እሺ”።

“እማዬ፣ ጠገብሽ?” “እሺ።” “ልጨምርልሽ?” “እሺ።” ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የፈለገችው እሱ እንዳልሆነ ታውቃለች። የፈለገችው እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ይታያታል፤ ግን አይወጣም።

ከሁሉ የከፋው ሳቁ ነው። ሊያስለቅሳት የሚገባው ነገር ሆዷ ውስጥ ሲነሳ፣ በመንገድ ላይ ተገልብጦ ሳቅ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ የበሽታው ነው፣ አንጎል ሲጎዳ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ለሰርካለም አስረድቷታል። ለመንደሩ ግን ማን ያስረዳው? ሊጠይቋት መጥተው “አይ ገበያነሽ፣ እንዲህ ትሁኚ!” ብለው እንባቸው ሲመጣ እሷ ትንከተከታለች። ከንፈር መጠጣው ይቆማል፤ ሴቶቹ ይተያያሉ፤ አንዷ ታማትባለች። ሰርካለም ፊቷን አዙራ ልጇን ታጠባለች።

ያልደነገጠው የገበያነሽ ወንድም ወዳጆ ብቻ ነው። በየገበያው ቀን አህያውን ደጇ አስሮ ይገባል። ሳቋ ሲመጣባት አብሯት ይስቃል።

“ምነው እታለም? አህያዬ ያማችኝን ሰማሽ እንዴ?”

“እሺ።”

“እሺ አትበይኝ! ምን አለች? ወዳጆ ቆንቋና ነው አለች?” ይልና ጉልበቱን እየመታ ይስቃል። በደጅ የሚያልፍ ሰው ወንድምና እህት ሲጫወቱ የሚሰማ ይመስለዋል። ሲጨርስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ይጠርግላታል፤ እንባ እንዳለበት የሚያይ እሱ ነበራ።

ወዳጆ በሐምሌ ሞተ፤ በሁለት ቀን ሕመም። ቀብሩ ያለ እሷ አለፈ። “መርዶውን ብትሰማ ዳግመኛ ትወድቃለች” ያለ አለ፤ “ለሰው ሁሉ አልቅሳ የወንድሟን ትከልከል?” ያለም አለ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ገብተው ቆሙ። ሳይናገሩ ገባት። ቄሱ አባ መርስዔ ኃዘን “እትዬ ገበያነሽ፣ እንግዲህ የእግዜር ነገር፣ ወንድምዎ…” ብለው ሳይጨርሱ ሳቋ ፈነዳ። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ጨብጠው ወደ በሩ ተመለከቱ።

ሰርካለም መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “እማዬ፣ ዛሬ ሠልስቱ ነው። ብንቀር ይሻለናል አይደል?”

“እሺ” አለች ገበያነሽ፤ በግራ እጇ ግን ነጠላዋን ከግድግዳው መስቀያ ጎትታ አወረደችው፤ ጥለቱንም ለሐዘን እንደሚለበሰው ወደ ላይ አደረገችው።

ሰርካለም የተማረች፣ ለሁሉ ነገር መላ የማታጣ ልጅ ናት። በቅሎ አስጫነች። ነጠላውን አፏ ላይ ደረበችላትና “ሲመጣብሽ ይህንን ንከሺው፣ ማንም አያይሽም፤ እኔ አጠገብሽ ነኝ” አለቻት። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ፣ እናቷን በወገቧ ደግፋ ሽቅብ መንገዱን ያዙት።

ገበያነሽ በቅሎዋ ላይ ሆና ሙሾ ገጠመች። ግጥሙ እንደ ድሮው ራሱ መጣላት፤ ሙሉ፣ ቤት የመታ፦

*ገበያ የዋሉት በደጄ ዘለቁ፣*
*ወንድሜን ከየት ላይ ጥለውት ራቁ?*

ደጋግማ አለችው፤ በልቧ። አንዴ ብቻ ይውጣልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ብል ግድ የለኝም እያለች ሄደች።

ድንኳኑ ሲታይ ሕዝቡ ተነሳ። “ገበያነሽ መጣች!” የሚል ሹክሹክታ ሄደ። ሙሾ የምታወርደው ወጣት ቦታ ለቀቀችላት። የሟቹ ሚስት ጥሩሸዋ ፊቷ ተቧጦ፣ ጸጉሯ ተላጭቶ፣ ክንዷን ዘረጋችላት፦ “ነይ እህቴ! ነይ አውርጅልኝ! ያላንቺ ማን አለቀሰለት!”

ገበያነሽ አፏን ከፈተች። “እሺ” አለች። ግጥሙ እዚያው ነበር፤ ታየዋለች። “እሺ… እሺ…” ነጠላውን ነከሰች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሰውም እያለቀሰች መስሎት ደረቱን ሊደቃ እጁን አነሳ። ያኔ ነጠላው ከአፏ ወደቀ።

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው።

“በሽታው ነው!” ብላ ጮኸች ሰርካለም። “እያለቀሰች ነው እኮ! ስለ እመብርሃን፣ ሐኪሙ ነግሮናል፣ በሽታው ነው!” ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰማው ለቅሶ የእሱ ብቻ ነበር።

ጥሩሸዋ የዘረጋችውን ክንድ ቀስ ብላ ሰበሰበች። አልተቆጣችም። “ውሰዱልኝ” አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ዛሬስ አልችልም። ውሰዱልኝ።”

ወሰዷት። ቁልቁል ሲመለሱ ከኋላቸው ያቺ ወጣት እንደገና ጀመረች። ግጥሟ ያነክሳል፤ ገበያነሽ የት ላይ ቢቃና እንደሚሻል ታውቃለች። በቅሎዋ እየወረደች፣ ድምፁ እየቀነሰ፣ እሷ እየሳቀች። ጎኗን ያማታል፤ አይቆምላትም። ሊዘንብ ያለ ደመና ጋራውን ሸፍኖታል።

ገበያተኛው የሚያርፍበት ቋጥኝ ዘንድ ሲደርሱ ሰርካለም በቅሎዋን አቆመች። ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ቤትም ቢገቡ ያው ነው፤ አርባው ይመጣል፣ ሙት ዓመቱ ይመጣል፣ ጥሩሸዋ ይቅር ትበል አትበል አይታወቅም። እስከዛሬ እናቷ ስትስቅ ፊቷን ታዞር ነበር። አሁን ቀና ብላ አየቻት። ጉንጮቿ በእንባ ርሰው ነበር።

ከድንኳኑ ሲወጡ መልሳ የደረበችላትን ነጠላ ከአፏ አነሳችላት፤ በጫፉም ዓይኗን ጠረገችላት።

“እዚህ ማንም የለም” አለቻት። “አልቅሺለት፣ እማዬ። እስኪወጣልሽ አልቅሺለት።”

“እሺ” አለች ገበያነሽ፤ በግራ እጇ ደረቷን እየመታች ሳቀች፣ ሳቀች፣ ሳቀች።