የስታማቲስ ሪዝ

በፒሬዎስ ወደብ ጀልባ ቀዛፊ የነበረው ስታማቲስ ሁለት ሀብት ነበረው፤ አንድ ጀልባና አንድ ሪዝ። ጀልባው ውሃ ያስገባል፤ ሪዙ ግን ወይን ውስጥ ቢነከር እንኳ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ሚስቱ ዛምቤታ ሰላጣው ላይ ከምታፈሰው የወይራ ዘይት እሱ ሪዙ ላይ የሚያፈሰው ይበልጥ ነበር።

የዓለም አገሮች ጨዋታ አቴና ላይ ሲዘጋጅ፣ ባሕርን በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ባለ ረጅም ባርኔጣ ጌቶች የጥንድ ቀዛፊዎች ውድድር አወጁ፤ በአንድ ጀልባ ሁለት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አንድ መቅዘፊያ። ስታማቲስ መጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ማለ።

«ጣሊያኖችን ካላሸነፍኩ፣ ቅዱስ ኒቆላዎስ ምስክሬ ነው፣ ይህን ሪዝ ፕሮድሮሞስ ይላጨው!»

ጸጉር አስተካካዩ ፕሮድሮሞስ ከጥግ ሆኖ፣ «ምላጩን ልሳለው?» አለ።

«ጎራዴ ሳል! ምላጭ አይበግረውም።»

ጓዱ የዛምቤታ ወንድም ላምብሮስ ነበር፤ ክንዱ የበሬ፣ ልቡ የመነኩሴ። ውድድሩ ሲጀመር ሁለቱ ሁሉንም ጥለው ወጡ። ቀዛፊ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነውና የሚቀመጠው፣ ስታማቲስ የጣሊያኖቹን ላብ እያየ፣ «በርቱ እንጂ ልጆች! ለእራት ትደርሳላችሁ!» ይል ጀመር።

ከዚያ ዳርቻው አለት ላይ ካለችው፣ የባሕር ሰዎች ጠባቂ ከሆነው ከቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። የፒሬዎስ ቀዛፊ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ሳያማትብ እዚያ አያልፍም። ስታማቲስ ለዛሬ ብቻ ዓይኑን እንዲጨፍንለት ቅዱሱን በልቡ ለምኖት ነበር፤ ላምብሮስን ግን አልለመነውም። ላምብሮስ ቆቡን አወለቀ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ላማትብ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሪዜ!»

«ላንተ ሪዝ ብዬ እኔ ልስጠም?»

«እሺ አንዴ አማትብና ቅዘፍ!»

«ሥላሴ ሦስት ናቸው፣ ወንድሜ።»

ስታማቲስ በንዴት ብቻውን ቀዘፈ። በአንድ ወገን ብቻ የተቀዘፈ ጀልባ ደግሞ ይዞራል፤ ዞሮም አፍንጫውን ለቤተ ክርስቲያኗ ሰጠ። ጣሊያኖቹ አለፉ፤ ቤልጅጎችም አለፉ። ከጌቶቹ አንዱ በመነጽሩ እያየ፣ «የእኛዎቹ አዲስ ስልት አምጥተዋል!» አለ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

ፕሮድሮሞስ ወንበሩን ከሱቁ አስመጥቶ፣ ሳሙናውን አረፋ አድርጎ ዳርቻው ላይ ይጠብቅ ነበር። ስታማቲስ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንደ ጌቶች ቃል መብላት አልለመደማ!

ዛምቤታ ስታየው ጮኸች። «ላምብሮስ፣ ይህን ሰውዬ ከየት አመጣኸው? ባሌስ?»

ስታማቲስ የተላጨውን በመሐረብ ቋጥሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ሄደ፤ መርከበኞች ለስለታቸው ትንንሽ የብር ጀልባ ከሚሰቅሉበት ከቅዱሱ ሥዕል ሥር ሰቀለው።

«የበላኸው አንተ ነህ፤ እንካ ያዝ። ለበዓልህ ቀን ግን ትመልሰዋለህ!» አለው።

በታኅሣሥ፣ በቅዱሱ በዓል፣ ሪዙ ተመልሶ ነበር። ስታማቲስ ሻማ አበራለት፤ ትንሿን፣ ቂሙ ገና ስላልወጣለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፈ ቁጥር መቅዘፊያውን ያስቀምጣል፤ በቀኝ እጁ ያማትባል፣ በግራው ሪዙን ይሸፍናል።